የልብስ ሰፊው ሰንደል

አንድ ወጣት ባል መምሬ ዘውገ ዘንድ መጥቶ፣ «መምሬ፣ ሚስቴ እንደ ድሮዋ ደስ አትለኝም። የተለወጠችው እሷ ናት ወይስ እኔ?» ብሎ ጠየቃቸው። መምሬ ሲቆጡም ሲያዝኑም ድምፃቸው አንድ ነው። «ቁጭ በልና ስማ» አሉት።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሲያገባ ትንሽ ብልቃጥ የሰንደል ሽቶ ገዛ። ሚስቱ እሑድ እሑድ ጠዋት አውራ ጣቷን ሽቶው ውስጥ ነከር አድርጋ ከጆሮው ሥር ትቀባዋለች፤ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃታል። ሳምንቱን ሙሉ የሚናፍቀው ያቺን ሰዓት ነበር።

ኋላ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ በትልቅ ጠርሙስ ገዛ። እሑድን ማን ይጠብቃል? በየቀኑ እጅጌው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የመርፌ ሳጥኑ ላይ ሳይቀር ማርከፍከፍ ሆነ ሥራው። ዓመት ሳይሞላ ሽታው ጠፋበት። ባለሱቁን «ውሃ ቀላቀልክበት» ብሎ መንደር እስኪሰማ ሰደበው። ባለሱቁ አሽትቶ፣ «ሽቶው ደኅና ነው፤ አፍንጫህን ጥቂት አሳርፈው» ቢለው ማን ሰምቶት። እንዲያውም ሽቶውን ጠላው። አንድ እሑድ ሚስቱ እንደ ልማዷ ጣቷን ነክራ ስትመጣ እጇን ገፋ። «ተይኝ በቃ፣ ሰለቸኝ» አላት። እሷም «እሺ» ብላ ጠርሙሱን አነሳች።

ሦስት ዓመት አለፈ። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ባልና ሚስቱ ሰርግ ቤት ተቀምጠው ሳለ ሙሽራዋ በአጠገባቸው አለፈች። ሰውየው የያዘውን ጉርሻ እንደያዘ ቀረ።

«ይኼ ምን ዓይነት ሽቶ ነው? እንዲህ ያለ አሽትቼ አላውቅም» አለ ለሚስቱ።

ሚስቱ ቀና ብላም አላየችው። «ያንተው ነው። የተረፈውን እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለችው።

በማግስቱ አዲስ ብልቃጥ ገዝቶ ፊቷ አስቀመጠና እንደ ድሮው አንገቱን ዘንበል አደረገ። ብዙ ጠበቀ። እሷ አልተቆጣችም። «እጄ ልማዱን ረስቶታል፤ አንተው ተቀባው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ራሱ ተቀባ። ሽታው ልክ እንደ ሰርጋቸው ሰሞን ነበር፤ ልብስ ሰፊውም እዚያው በቆመበት አለቀሰ።

መምሬ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ይኸውልህ፣ ሽቶው ያው ነበር፤ የደነዘዘው የሰውየው አፍንጫ ነው። ያንተም ሚስት ያችው ናት። አፍንጫ ሲያርፍ ይመለሳል። የተገፋ እጅ ግን መመለሱን እኔ አላውቅም። ዛሬ ከቤት ስትወጣ ምን አለችህ?»

ወጣቱ አቀረቀረ። «ቁርስ ቀምሰህ ሂድ ብላኝ ነበር። ትቼው መጣሁ።»

«እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለህ» አሉት መምሬ። «ተነሥ፤ ሂድና ብላ።»