ኮምፒውተሩን የሚጠይቀው ፕሮግራም

በራሱ ላይ መቀለድ የሚወድ አንድ ፕሮግራመር በአንድ የእህል ድርጅት ይሠራ ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌታሰው አዲስ ኮምፒውተር ገዙና የእህል መመዝገቢያው ፕሮግራም እንዲፈጥንላቸው አዘዙት። በዚሁ ፕሮግራም የሚሠሩት የመጋዘኖቹ ኮምፒውተሮች ግን አሮጌ ናቸው፤ ለአዲሱ የተዘጋጀ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም አሠራር አንድ ላይ አስገባ። ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን "ምን ትችላለህ?" ብሎ ይጠይቅና እንደ አቅሙ ያሠራዋል።

አቶ ጌታሰው ይህን ሲሰሙ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና ፕሮግራመሩ ላይ ጮኹ።

"የእኔን ኮምፒውተር ምን ትችላለህ ብሎ መጠየቅ ንቀት ነው! ጥያቄውን አሁኑኑ አጥፋ፤ አለዚያ ከሥራ ትባረራለህ!"

"ካጠፋሁት እኮ መጋዘኖቹ ሥራ ያቆማሉ፣ ጌታዬ።"

"ደግሞ ትከራከራለህ? ምን እንደሚችል ሳይጠየቅ ሥራ በመጀመሩ የተበላሸ ነገር እስቲ አንድ አሳየኝ!"

ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፋ።

"እኔን ይዩኝ፣ ጌታዬ። ምን እንደምችል ሳይጠይቁ ቀጠሩኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እርስዎም እኔም መከራችንን እናያለን።"

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ፤ ጥያቄውም ፕሮግራመሩም በቦታቸው ቀሩ።