ቀለሟና በድንጋዩ ተሳፍረው የመጡት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ንገሪን» በሉኛ። እሺ።

ድሮ ነው። ግን በጣም ድሮ አይደለም፣ መኪና ካለ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ወይዘሮ ፈትያ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። አንድ ቀን ከባሕር ጨዋማ ውሃ በጀሪካን፣ አሸዋ በጆንያ፣ ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላት። እሷም በመስታወት ሣጥን ውስጥ አሸዋውን አነጠፈች፣ ድንጋዩን አስቀመጠች፣ ውሃውን ሞላች።

«ቶሎ ዓሣ እንዳትጨምሪበት» አላት ባሏ። «ውሃው ይርጋ።»

ወር ሙሉ ጠበቀች። ከዚያ ቀለሟ የምትባል ዓሣ ከነባሏ አስገባች። የቀለሟ ባል ዝምተኛ ነው፣ ለተረቱ አይጠቅመንም።

ቀለሟ ብርቱካን የመሰለች፣ ነጭ መቀነት የታጠቀች ዓሣ ናት። ደንጋጣ ናት። ጥላ ሲያልፍ ትደነግጣለች፣ አረፋ ሲፈነዳ ትደነግጣለች። በድንጋዩ ጥግ ሦስት መቶ እንቁላል ጣለች። እንቁላሎቹ በስምንተኛው ቀን ይፈለፈላሉ። እስከዚያ እንቅልፍ የሚባል የላትም።

በመጀመሪያው ቀን አሸዋው፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ነገር ቡናማ አቧራ ለበሰ። ቀለሟ ክው አለች።

«አያ ድንጋይ፣ ቤታችን ዛገ። ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው።»

«አይዞሽ ልጄ» አለ ድንጋይ። «አዲስ ቤት እንዲህ ነው። ካልነካሽው በራሱ ይሄዳል።»

እውነትም ሁለት ቀን ቆይቶ በራሱ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ከድንጋዩ ቀዳዳ አንድ ነገር ወጣ። ረጅም፣ ጠጉራም፣ እግሩ ተቆጥሮ የማያልቅ ትል። ቀለሟ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«እንደምን አደርሽ እህቴ» አለ ትሉ።

«እህትህ አይደለሁም። ምን ልትበላ መጣህ?»

«ትርፍራፊ። ውሃው እንዳይሸት የወደቀውን የምለቅመው እኔ ነኝ።»

«ይሄን ፊት ይዘህ ልጆቼ ጋ? ውጣ ከዚህ።»

ጮኸችበት። በጅራቷ አሸዋ በተነችበት። ትሉ ወደ ቀዳዳው ተመለሰ፣ ጩኸቷን የሰማ ሁሉ በየጉድጓዱ ተሸሸገ።

በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ላይ አንዲት አበባ የመሰለች የባሕር ፍጥረት ብቅ አለች። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን በውሃው ታወዛውዛለች። ቀለሟ ልትደነግጥ ስትል አበባዋ ቀደመቻት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ እህት ዓለም። ባዶ እጄን ስለመጣሁ ይቅር በይኝ። እኔም ካንቺው ባሕር ነኝ፣ ያገርሽ ልጅ።»

ቀለሟ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ያላት የለም። ሆዷ ባባ።

«ልጄ፣ ይቺን እኔ አላውቃትም» አለ ድንጋይ። «በላዬ ተሳፍራ ነው የመጣችው።»

«አራስ ልትጠይቅ የመጣች ያገር ልጅ እንዴት ትባረራለች፣ አያ ድንጋይ?»

አበባዋ «ትንሽ ቦታ ስጪኝ» አለች። ቀለሟ እሺ አለች። «ትንሽ ጉርሻ ስጪኝ» አለች። እሺ አለች። «በይ እንቁላሎቹን እኔ ልያቸው፣ አንቺ ትንሽ ዕረፊ» አለች። ቀለሟ እሺ አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሸለብ አደረጋት።

ስትነቃ በዳር ያሉት እንቁላሎች ሞተው ነጭ ሆነዋል። የአበባዋ ፀጉር እላያቸው ላይ ተኝቷል።

«ምን አደረግሽ?»

«ትንሽ ጉርሻ እሺ ብለሽኝ የለ» አለች አበባዋ፣ አፏን እንኳ ሳትጠርግ።

ቀለሟ ዓይኗ ጨለመ። ነክሳ ሦስት ቦታ ቆራረጠቻት። ድንጋይ «ተዪ አትቁረጫት» ቢላት ማን ሰምቶ።

በማግስቱ ሦስት አበባ በቅሏል። «እንደምን አደርሽ እህት ዓለም» አሉ ሦስቱም። ቀለሟ ደም ሥሯ ሁሉ ደነገጠ። ሦስቱንም ሦስት ሦስት ቦታ ቆረጠቻቸው።

በማግስቱ ዘጠኝ። በእንቁላሎቹ መሃል ገብተዋል። «እንደምን አደርሽ እህት ዓለም» አሉ ዘጠኙም ባንድ አፍ። ቀለሟ ወደ ድንጋዩ ዞረች።

«አያ ድንጋይ፣ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ መሸከም እንጂ ማባረር አላውቅም። ያን ያባረርሽውን ጠይቂው።»

ቀለሟ አፍራ ወደ ቀዳዳው ሄደች። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ።»

«ዛሬ ወንድም ሆንኩ?» አለ ትሉ። «ይሁን። እኔ አበባ አልበላም። እዚህ ጎረቤቴ ሽሪምፕ ግን ከሷ የሚጥማት የለም። ያን ቀን ስትጮሂ ሰምታ ነው ያልወጣችው።»

ሽሪምፗ ጭንቅላቷን አወጣች። ፌንጣ ትመስላለች፣ ቀይ መስመር አላት።

«እወጣለሁ» አለች። «ግን በእንቁላሎችሽ ላይ ተረማምጄ ነው የምደርስባቸው። ከጮኽሽ እሸሻለሁ። ስሸሽ ቁራሽ ይወድቃል። ቁራሽ ነገ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተሻል።»

«ልጆቼንስ ብትበዪብኝ?»

«አልበላም ብዬ ብምልልሽ ታምኛለሽ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው ቁሚና እጄን እዪ።»

ሽሪምፗ የመጀመሪያውን እግሯን በእንቁላል ላይ አሳረፈች።

«እህት ዓለም፣ ልጆችሽን ልትበላ ነው፣ ጩኺ እንጂ» አሉ አበቦቹ። ቀለሟ ዝም አለች። «ጩኺ እንጂ» አሉ ደግመው። ጩኸቱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሦስተኛ ሲሏት ጎንበስ ብላ አፏን በአሸዋ ሞላች።

ሽሪምፗ አንዷን ከነሥሯ በላች። ሁለተኛዋን በላች። ዘጠነኛዋን በልታ እስክትጨርስ ቁራሽ አልወደቀም። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዲት እንቁላል ያዘች። ቀለሟ ነፍሷ ልትወጣ ሆነ፣ አፏን ግን አልከፈተችም። ሽሪምፗ ከእንቁላሏ ላይ እድፍ አነሳችና ሄደች።

በስምንተኛው ቀን ልጆቹ ተፈለፈሉ። ሦስት መቶ አልሞሉም። አርባው ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ትሉ እናትየው ዞር እስክትል ጠብቆ አንድ በአንድ አነሳላት።

ከልጆቹ አንዱ ትሉን አየና ጮኸ። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ያቺ አረፋ ሲፈነዳ የምትደነግጠው ቀለሟ «ዝም በል» አለችው። «መጀመሪያ እጁን እይ።»

እናንተም ልጆቼ፣ ፊቱ ያስደነገጣችሁን ሁሉ አታባርሩ፣ አፉ የጣፈጣችሁንም ሁሉ ልጅ አታስጠብቁ። እጁን እዩ። እኔ እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ፣ እናንተ ደግሞ ነገ ለሌላው ለመንገር አፋችሁን ክፈቱ።