ከወንዙ ወዲህ የቆመው ገበያ

ጥቂት ጊዜህን ስጠኝ፣ አንባቢ፤ አትቆጭበትም። ይህችን ምሳሌ መጀመሪያ የነገርኳት ኢዮስያስ ለሚባል ወዳጄ ነው። ኢዮስያስ ከሥራ መልስ ማታ ማታ እየሠራ፣ ሰው የሚጻጻፍበትና ቪዲዮ የሚላላክበት አዲስ ማኅበራዊ መረብ አቁሟል። አምሮለታል። የገባበት ሰው ግን የለም። «አገሩ ሁሉ ትልቁ መረብ ላይ ተቀምጦ የእኔን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አዲስ ከነባር ጋር ይወዳደራል ወይ? አይሆንም ካልክ ንገረኝና ልዝጋው፤ ልቤም ይረፍ» አለኝ። ቁጭ በል አልኩትና ጀመርኩ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ሚስቱን በጣም ይወድ ነበር። ሚስቱ ጥጥ ፈታይ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ እንዝርቷን ስታሾር ትሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ የፈተለችውን በቅርጫት ይዛ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ማዶ ወዳለው አሮጌ ገበያ ትሄዳለች። ያ ገበያ መቼ እንደቆመ የሚያስታውስ የለም። ሰው እዚያ የሚሄደው ሊሸጥና ሊገዛ ብቻ መሰለህ? ወሬ የሚሰማው፣ ለዘመድ መልእክት የሚልከው፣ ለልጁ ሚስት የሚያጨው እዚያ ነው።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሴቲቱን ሊወስዳት ሲል ለጥቂት ተረፈች። ቅርጫቷ ግን ከነፈትሉ ሄደ። ባሏ ያን ዕለት፣ «ከእንግዲህ ይህችን ሴት ወንዝ አላሻግራትም» አለና ከደጁ ያለውን፣ ሾላ ያለበትንና ምንጭ የሚፈስበትን ምርጥ ማሳውን ሳያርሰው ተወ። ደለደለው፣ መደብ ሠራለት፣ አጠረው። አዲስ ገበያ ሊያቆም ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ማሳ ነበርና ለሚስቱ እንዲህ አላት፦ «ክረምት እስኪገባ ገበያው ከቆመ ቆመ። ካልቆመ መልሼ አርሰዋለሁ፤ አንቺም እንደ ድሮሽ ወንዝ መሻገርሽ ነው።»

ገበያው የሚውልበትን ቀን ሲመርጥ ቅዳሜን መረጠ። ሰው የለመደው ቅዳሜን ነው ብሎ። ቅዳሜን በቅዳሜ ገጠመው ማለት ነው። ይህችን ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ወይፈን ጣለ። ሰዉ መጣ፣ በላ፣ መረቀ፤ ከዚያ ጥርሱን እየጎረጎረ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። አንዲት ዶሮ ሻጭ ብቻ ጥላው ጥሟት ትንሽ አረፍ አለች። እሷም ብድግ ስትል፣

«ምነው እናቴ፣ ጥላው አልተመቸሽም?» አላት።

«ኧረ ተመችቶኛል ጌታዬ፤ ግን ዶሮዬን ለሾላው ልሽጥለት?»

ሰውየው ጎደለ ያለውን ሁሉ ሞላ። ለአህያ ገንዳ አስቀመጠ፣ ለተቀማጭ ጭድ ጎዘጎዘ። ከአሮጌው ገበያ ጋር ብታስተያየው የእርሱ በሁሉ ነገር ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ የለውም፤ ሰው። ሰው የማይመጣው ደግሞ ሰው ስለሌለ ነው። ገዢው «ሻጭ የለም» ብሎ ይቀራል፤ ሻጩ «ገዢ የለም» ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ቋጠሮ በጭድ አትፈታውም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አጥሩን ሊከፍት ሲወጣ ሚስቱን ቅርጫቷን አንግታ ከደጅ አገኛት።

«ወዴት ነው?»

«ገበያ ነዋ።»

«ገበያውማ እዚህ ነው!»

«እዚህ ያለው ጥላ ነው። ሸማኔዎቹ ያሉት እዚያ።»

«አንቺም? ለማን ብዬ የደከምኩ መሰለሽ?»

«ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተ ሰው። ግን ፈትሌን ማን ይግዛኝ? ሾላህን ጋቢ ላልብሰው?»

ሊቆጣ ብሎ ሳቁ አመለጠው። ደግሞም አዘነ፤ እስከዛሬ ለእርሷ ሲለፋ አንድ ቀን እንኳ ከማን ጋር እንደምትገበያይ ጠይቋት አያውቅም ነበር። የአጥሩን በር በእሾህ ዘጋ። ከዚያ ቅርጫቱን ከጀርባዋ አውርዶ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው። በዚያ አገር ወንድ የፈትል ቅርጫት ተሸክሞ ገበያ ሲወጣ ታይቶ አያውቅም።

ማዶ ሲደርሱ ገበያተኛው ተቀባበለው። «ኑ እዩ! ገበያውን ዘግቶ ገበያ ወጣ!» «ባለ ገበያው፣ መደብ ፈልገህ ነው ወይስ ልትወርሰን?» እርሱ ግን ከሚስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዋለ። ቁጭ ሲል ነው ያየው። ፈታዮቹ የሚቀመጡት በአህያ ማሰሪያውና በበርበሬ ተራው መካከል ነው። አንድ አህያ በተንፈራገጠ፣ አንድ ሰው በርበሬ በሰፈረ ቁጥር ነጩ ፈትል አቧራና ቀይ ብናኝ ይጠጣል። ሸማኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድም አልመጣም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ መጣ። ልቃቂቱን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እጅሽ መልካም ነው እህቴ። ግን በርበሬ ጠጥቷል። ነጭ ጋቢ ላዘዘኝ ሰው ምን ልበለው?»

«ጠዋት ብትመጣ ነጭ ነበር፣ አባቴ።»

«የሠራሁትን ሳልሸጥ በምን ልግዛሽ? እኔም ሸማዬን ይዤ እዚያ ከገበያው ጫፍ ተራዬ ላይ ተጎልቼ ነው የምውለው።»

ገበሬው ጣልቃ ገባ። «አባቴ፣ መንደርዎ የት ነው?»

«ከወንዙ ወዲያ። ከዚያ ካንተ ሾላ በላይ።»

ሰውየው ሚስቱን አያት፤ እሷም አየችው። ፈታዮቹ ከወንዙ ያኛው ዳር ናቸው፤ ሸማኔዎቹም ከዚያው ዳር። ጎረቤታሞቹ ለመገናኘት ሁለቱም ያን አደገኛ ወንዝ ይሻገራሉ፤ ተሻግረውም በቅጡ አይገናኙም!

«በረቡዕስ?» አለ ገበሬው። «ሸማው ቅዳሜ ተሽጦ ካደረ በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት ከሾላው ሥር? በርበሬ የለም፤ አህያ አይገባም። ፈትልና ሸማኔ ብቻ።»

«አንድ ሁለት ሸማኔ ብቻ ከመጣማ እኛ አንመጣም» አለች ሚስቱ ፈርጠም ብላ። «ለአንድ ሸማኔ ፈታይ ሁሉ ሥራ አይፈታም።»

ሽማግሌው ሳቀ። «እኛ የአንድ መንደር ሰዎች ነን ልጄ፤ ከመጣን አብረን ነው። እናንተስ?»

እሷ ተነሥታ በተራው የተቀመጡትን ሴቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ አነጋግራ መጣች። «አብረን ነው» አለች።

ረቡዕ ደረሰ። መጡ፤ ሁሉም። የሾላውን ጥላ ግማሽ እንኳ አልሞሉትም፤ ሌላው ሜዳ ባዶውን ነው። መንገድ አላፊ ጎረቤት ቆሞ፣ «ይሄ ገበያ ነው ወይስ ማኅበር?» ብሎ አላገጠ። ገበሬው፣ «ስም ገና አላወጣሁለትም» አለው። ከጥላው ሥር ግን እያንዳንዷ ፈታይ ሸማኔዋን አግኝታለች፣ እያንዳንዱ ሸማኔ ነጭ ፈትሉን። «ለመጪው ረቡዕ ከዚህ ቀጠን አድርገሽ ፍተይልኝ» እየተባባሉ ተለያዩ። ለመጪው ረቡዕ ማንም የጠራቸው አልነበረም፤ ራሳቸው መጡ። ቆይቶ አንድ ጨው ሻጭ፣ ሴቶቹ እዚህ ከዋሉ ብሎ ብቅ አለ። ዶሮ ሻጯም ተመለሰች።

የአሮጌው ገበያ ዳኛ ይህን ሰምቶ ገበሬውን አስጠራው። «ገበያዬን ልትወስድብኝ ነው አሉ?»

«ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ አባቴ። ቅዳሜ የእርስዎ ነው። እኔም በሬ ስፈልግ የምመጣው እዚሁ ነው።»

ክረምት ሲቃረብ ገበሬው ባዶውን የሜዳውን ጫፍ አረሰው፤ ዘራበትም። ከሾላው ሥር ያለውን ተወው። ወንዙ ሞላ። ሚስቱ ግን ረቡዕ ማለዳ ቅርጫቷን ይዛ ከደጇ ወጣችና ጥላው ሥር ተቀመጠች። እግሯ ደረቅ ነበር።

ምሳሌዋ ይህች ናት። እንግዲህ ኢዮስያስ፣ ያ ገበሬ አንተ ነህ አልኩት። አሮጌው ገበያ ትልቁ መረብ ነው። ሰው እዚያ የተቀመጠው መደቡ ለስልሶት አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው እዚያ ስላለ ነው። ስለዚህ አንተ ሌላ ጌጥ፣ ሌላ ቀለም ብትጨምር ጭድ መጎዝጎዝ ነው። ይወዳደራል ወይ አልከኝ። በቅዳሜው ከሆነ አይወዳደርም፤ እውነቱን ልንገርህ። ግን ነባሩ ከአህያና ከበርበሬ መካከል ያስቀመጣቸው፣ እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ሰዎች አሉ። እነርሱን ሁሉንም በአንድ ቀን፣ አንድ ላይ ከጠራሃቸው፣ ጥቂትም ቢሆኑ ላንተ ገበያ ናቸው። ትልቁን ላትጥለው ትችላለህ። አጠገቡ ግን ትኖራለህ።

«ለመሆኑ እህትህ ሶስና ገብታበታለች?» አልኩት።

አቀረቀረ። ሶስና መስማት የተሳናት ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር የምታወራው በምልክት ቋንቋ፣ ቪዲዮ እየተላላከች ነው። በትልቁ መረብ ላይ የእነርሱ ወግ ከሠርጉና ከቀልዱ መካከል ይሰጥማል፤ ሲደርስም ጣታቸው ከጣታቸው እስከማይለይ ደብዝዞ ነው።

«ጓደኞቼ እዚያ ናቸው ብላኝ አልገባችም» አለኝ። ደግሞም፣ «ለእርሷ ብዬ ነበር እኮ የጀመርኩት።»

«ታዲያ ቅርጫቷን ተሸከምላታ! ዛሬውኑ ሂድ። ከአጠገቧ ቁጭ በል፣ ከእነማን ጋር እንደምታወራ ጠይቃት፣ ምን እንደሚያስቸግራት እይ። ከዚያ ጓደኞቿን አንድም ሳታስቀር አንድ ላይ ጥራቸው።»

ተነሥቶ ሄደ። አንተም አንባቢ፣ የምታቆመው ነገር ካለህ፣ መረብም ይሁን ሱቅ፣ አጥሩን ለአንድ ቀን ዝጋና ለማን ብለህ እንደጀመርከው አስታውስ። ያ ሰው ዛሬ የት ነው የሚውለው? እዚያው ሂድና አብረኸው ዋል። ሞክረው።