በምርቃት የተሸኘ ዘበኛ

በአንድ ወቅት፣ ቀጨማ በምትባል የገበያ መንደር ጭቃ ሹም እንግዳሸት የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሕግ ማውጣት ይወዳሉ፤ ማስፈጸሙ ሲመጣ ግን ሆዳቸው ይባባል።

በዚያ አገር የተባረረ ዘበኛን በክፉ ቃል መሸኘት ነውር ነበር። ጥፋቱ ምንም ይሁን ምን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጠላ ቀምሰው፣ «የረገጥከው ይለምልም፣ የሄድክበት ይቅናህ» ብለው መርቀው ወንዙን ያሻግሩታል። ማዶ ያሉትም ምርቃቱን ይሰሙና «እንዲህ የተመረቀ ሰውማ ከየት ይገኛል!» ብለው ይቀጥሩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ እነሱም መርቀው ይመልሱታል። እንዲህ ሲሆን ሲሆን፣ በአካባቢው ከክፉ ዘበኛ በላይ የተመረቀ ሰው ጠፋ።

ጉልላት ወደ ቀጨማ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ምርቃቱ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ነበርና ጭቃ ሹሙ ስሙን እንኳ በደንብ ሳይጠይቁ ዱላ አስጨበጡት። በሦስተኛው ሳምንት በርበሬ ነጋዴዋን ዘርትሁንን «ጆንያሽን መንገድ ላይ ለምን አስቀመጥሽ?» ብሎ በዚያው ዱላ ክንዷን ሰበረው። ወጌሻ ቢያሻትም ክንዷ ተጣሞ ቀረ። ጭቃ ሹሙ እሷን ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ጀመር።

በመጨረሻ የቀጨማንና የማዶውን ገበያ ሰዎች ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። የጉልላትን ዱላ በጉልበታቸው ሰበሩና (ጉልበታቸው ሳምንት አሟቸዋል) እንዲህ አሉ፦

«ካሁን ወዲያ የተባረረ ዘበኛ አይመረቅም። ዱላው ይሰበራል። ዱላው የተሰበረበት ሰው ወዲህም ሆነ ወዲያ ማዶ ዳግመኛ ዘበኛ አይሆንም። ይህን ሕግ ያፈረስኩ እንደሆነ ሹመቴ ይቅርብኝ!»

ሕዝቡም እልል አለ። ዱላ መሰበር የተጀመረ ዕለት ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም። ሁሉም ጥፋት ነበረበትና ወዲህም ወዲያም አንድ የሚተርፍ ዘበኛ አልተገኘም። አሁን ደግሞ እልል የሚሉት ሌቦቹ ሆኑ። ነጋዴዎቹ መጥተው «እስከ ቅዳሜ ዘበኛ ካላቆሙልን ገበያውን ወደ ቆላ እናወርደዋለን» አሏቸው። ቀጨማ ያለ ገበያ ምን አላት? ድንጋይና ዋርካ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት «ዘበኛ ልሁን» የሚሉ ሦስት ሰዎች ዋርካው ሥር ቆሙ። አንደኛው ራሱ ጉልላት ነው። «ተጸጽቻለሁ» ይላል፣ እጁን አጣምሮ። ሁለተኛው ሺበሺ ነው፤ ከነጋዴው እንቁላል፣ ከሌባው ቅቤ ሲቀበል ተይዞ ማዶ ዱላው የተሰበረበት። ሦስተኛው ልመንህ ይባላል። እሱ ዱላ አልተሰበረበትም፤ ጨብጦ ስለማያውቅ።

ጭቃ ሹሙ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ሌባ! ሌባ! በቅሎዬን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጩኸቱ የዘርትሁን ነው። ዓመት ሙሉ የደከመችበት በርበሬ በቅሎዋ ላይ ተጭኗል።

ልመንህ ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ፤ ተነሥቶም ዋርካው ላይ ወጣ። እናቱ «ልጄ፣ ከጠብ ራቅ» እያለች ነው ያሳደገችው። ግን ከላይ ሆኖ ሁሉም ይታየዋል። «በአህያ ተራ ዞረ! ወደ ገደሉ ነው!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ማዶ ድረስ ተሰማ። እሱ ባይኖር ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ይሮጥ ነበር።

ሺበሺ ግን መሮጥም አላስፈለገውም። «ወደ ገደሉ ከሆነ በፍየል መንገድ ነው የሚወርደው። መውጫው ላይ ቁሙ!» አለ። ሰዉ ሄዶ ዘጋው፤ እውነትም ሌባው በዚያ መጣ። «አንተ ይህን እንዴት አወቅህ?» ቢሉት መሬት መሬት እያየ «መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ በአንድ ቅል ቅቤ» አለ።

ሌባው መንገዱ ተዘግቶ ሲያይ ጩቤ መዘዘ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሲል ጉልላት ባዶ እጁን ገባ። መዳፉ ተሰንጥቆ ደሙ እየወረደ የበቅሎዋን ልጓም አልለቀቀም፤ ሌባውን ጥሎ አሰረው። ካሰረው በኋላ ግን ሁለት ጥፊ ጨመረለት። «ይቺ ምርቃት ናት» አለ።

በቅሎዋ ተመለሰች። ሦስቱም ተመልሰው ዋርካው ሥር ቆሙ፤ ልመንህን ለማውረድ መሰላል አስፈልጓል።

«ደሜን አፍስሻለሁ» አለ ጉልላት።

«የሌባን መንገድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለ ሺበሺ።

«እኔ ማንንም በድዬ አላውቅም። ሕጉም የሚፈቅደው ለእኔ ነው» አለ ልመንህ፣ የዋርካ ቅጠል ከፀጉሩ እያራገፈ።

ነጋዴዎቹ ጭነታቸውን ለመጫን ገመድ አንሥተው ይጠብቃሉ። ጭቃ ሹሙ አዲሱን ዱላ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ ወደ ዘርትሁን ዞሩ።

«ልጄ፣ የተሰረቅሽው አንቺ ነሽ፤ የተሰበርሽውም አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

ዘርትሁን በደህናው እጇ የጉልላትን መዳፍ በነጠላዋ ጫፍ ስታስር ነበር። ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው።

«ጌታው፣ በቅሎዬን መልሶልኛል፤ እግዜር ይስጠው። ክንዴን ግን አልመለሰልኝም። የሚመጣው ቅዳሜ ጆንያዬን የት ነው የማስቀምጠው?»

ጭቃ ሹሙ ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። ሕጉን ቢያፈርሱ ሹመታቸው ይሄዳል፤ ቢያጸኑት ደግሞ የቀጨማ ገበያ ዛፍ ላይ በሚወጣ ሰው ሊጠበቅ ነው። ዱላው አሁንም እጃቸው ላይ ነው፣ ነጋዴዎቹም ገመዱን አላስቀመጡም።

እንግዲህ ተከራከሩና ፍረዱ፤ ዱላው የሚገባው ለማን ነው?