አልከፈት ያለው ሜኑ

ጋሽ ልሳኑ የፈለጉት አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ ስልክ ቁጥር።

ታናሽ እህታቸው እታለማሁ የጉሮሮ ሕመም ጸንቶባት አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ተኝታለች። ስልኳን መንገድ ላይ ሰርቀዋታል። ያን ቀን ጠዋት በሰው ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አይኖርሽም ብለውኛል፤» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ቢደውሉ የስልኩ ባለቤት ከሆስፒታሉ ወጥቶ ሄዷል። እሳቸው ደግሞ እግራቸው ተሰብሮ፣ በጄሶ ታስሮ፣ ቢቸና ቤታቸው ተጋድመዋል። ቢቸግራቸው የሆስፒታሉን ድረ ገጽ ከፈቱ።

ድረ ገጹ አናት ላይ ሜኑ አለ፤ «ስለ እኛ»፣ «ሐኪሞቻችን»፣ «የክፍሎች ስልክ» ይላል። የመጨረሻውን ነኩት። ዝም። ደግመው ነኩት። ዝም። ሜኑው ፈዞ፣ ግራጫ ሆኖ፣ አልከፈት አለ። ገጹ ግርጌ ላይ የሠራችው ልጅ ስምና ስልክ ነበርና ለእሷ ደወሉ።

ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ የምትሠራው እዚያው ሆስፒታል ነው። ጎበዝ ናት፤ ጉብዝናዋንም ታውቀዋለች።

«ልጄ፣ ይኼ ሜኑ አልከፈት አለኝ።»

«ሜኑውን የያዘው ስክሪፕት ነው አባቴ። እርስዎ ስልክ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ትእዛዝ ነው፤ የሆስፒታሉ ቪዲዮ ታይቶ ካላለቀ ሜኑውን አይለቅም።»

«ቪዲዮው መቼ ያልቃል?»

«ኔትወርኩ ሲያደርሰው።»

የዚያን ቀን ኔትወርክ ግን ከየት አምጥቶ ያድርሰው! ኔትወርኩ አልሸከም አለ፣ ቪዲዮው አላልቅ አለ፣ ስክሪፕቱ አልለቅ አለ፣ ሜኑው አልከፈት አለ፤ ጋሽ ልሳኑም ቁጥሩን አጡ።

«እባክሽ ያንን ነገር አንሺልኝ። እህቴ እኮ...»

«ይገባኛል አባቴ፣» ብላ አቋረጠቻቸው። «ግን ያለ ኃላፊው ፈቃድ አላነሳውም። ልጠይቅልዎትና እደውላለሁ።»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አቶ ጌጡ ይባላሉ። «ስንት የደከምንበትን ቪዲዮ ሰው ሳያየው ሊያልፍ? ዳይሬክተሯ ካላዘዙ አይሆንም!» አሉ። አቶ ጌጡ አልፈቅድ አሉ፣ ትርሲት አላነሳ አለች፣ ኔትወርኩ አልሸከም አለ፣ ቪዲዮው አላልቅ አለ፣ ስክሪፕቱ አልለቅ አለ፣ ሜኑው አልከፈት አለ፤ ጋሽ ልሳኑም ቁጥሩን አጡ።

ትርሲት ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ወጣች። ጸሐፊዋ ቀና ብላም አላየቻት። «ዶክተር አልጋነሽ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሳይጨርሱ ማንንም አላስገባም።» ጸሐፊዋ አላስገባ አለች፣ አቶ ጌጡ አልፈቅድ አሉ፣ ትርሲት አላነሳ አለች፣ ኔትወርኩ አልሸከም አለ፣ ቪዲዮው አላልቅ አለ፣ ስክሪፕቱ አልለቅ አለ፣ ሜኑው አልከፈት አለ፤ ጋሽ ልሳኑም ቁጥሩን አጡ።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ እንዳለች ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ልሳኑ ናቸው። «መልስ ሳልይዝ ምን ልበላቸው?» ብላ ሳታነሳው ቀረች። ፀሐዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረ።

ስብሰባው ሲያልቅ ዶክተር አልጋነሽ ነገሩን ሰሙና፣ «ሰውየው ግን ምን ፈልገው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አልጠየቅኋቸውም» አለች ትርሲት።

ዶክተሯ በሩን በእጃቸው አመለከቷት። «በይ፣ አሁኑኑ አንሺው።»

ይኼኔ የተያያዘው ሁሉ ተተረተረ። ዶክተሯ አዘዙ፣ አቶ ጌጡ ፈቀዱ፣ ትርሲት ሰረዘች፣ ቪዲዮው ቀረ፣ ኔትወርኩ ሸክሙ ቀለለው፣ ስክሪፕቱ ለቀቀ፣ ሜኑው ተከፈተ፤ ጋሽ ልሳኑም ቁጥሩን አገኙ።

ትርሲት ደስ ብሏት ደወለች። «አባቴ፣ ተከፈተ እኮ!»

«አየሁት ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። የእህቴን ክፍል ቁጥር አግኝቼ ደወልኩ። ድምፅዋን ሳይወስዱባት አንዴ ልሰማት ብዬ ነበር።»

ቁጥሩ ትርሲት ኮምፒውተር ላይ ነበር። ገና ጠዋት ሲደውሉ በአንድ ትንፋሽ ልታነብላቸው ትችል ነበር።

«አገኟት ታዲያ?» አለች።

«ነርሷ አነሳችው። ቀዶ ጥገናው አልቋል፣ አሁን ገና ነቃች፣ ደኅና ናት አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላትና እኔ አወራሁ። ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር።»

«አባቴ... ጠዋት ንግግርዎን ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ምን እንደፈለጉ እንኳ አልጠየቅሁዎትም።»



«እውነትሽን ነው» አሉ ጋሽ ልሳኑ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አልጠየቅሽኝም። በይ አሁን ልዝጋው ልጄ፤ ነርሷ መልሰው ይደውሉ ብላኛለች። እህቴ ስታወራኝ ነው የኖረችው፤ ከእንግዲህ ማውራት የእኔ ተራ ነው።»