ከአሸዋ ሥር የተጠራ ደቦ

ተረት ተረት፤ የአሸዋ መሠረት።

አንዲት ግዙፍ የባሕር ኤሊ እንቁላል ልትጥል ወደ ተወለደችበት ዳርቻ ወጣች። ጉድጓድ እየቆፈረች ታቃስታለች፤ ከዓይኗም ጨዋማ ውሃ ይወርዳል። ሆዳሙ ሸርጣን ቀረብ አለና፣

"እትዬ ኤሊ፣ ልጆችሽን እንደምበላቸው ገብቶሽ ነው የምታለቅሺው?" አላት።

"ለቅሶ አይደለም፤ ከባሕር የጠጣሁትን ጨው ነው የማፈሰው። የማቃስተውም ልጆቼን እየመከርኩ ነው" አለችው።

"እንቁላል ደግሞ ምን ጆሮ አለው?" ብሎ ሳቀባት።

ኤሊ መቶ እንቁላሎቿን አሸዋ አልብሳ ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ሸርጣን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ "አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ አንድ በአንድ እቀረጣጥፋቸዋለሁ" እያለ ብዙ ቀን ጠበቀ።

ከአሸዋው ሥር ግን የልጆቹ ድምፅ ከእንቁላል ወደ እንቁላል ይዞር ጀመር። ቀድማ ቅርፊቷን የሰበረችው፣ "ልውጣ፤ አየር አጠረኝ" አለች።

"እናታችን ምን አለች? ደቦው ሳይሞላ ማንም አይቆፍርም። ከታች ያለችው ታናሻችን ገና ናት" አሏት ጎረቤቶቿ።

እሷም እንደ እናቷ እያቃሰተች ጠበቀች።

በመጨረሻ ከሥር፣ "እኔም ደርሻለሁ" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። መቶዎቹ ልጆች አሸዋውን ባንዴ ሲንዱት ሸርጣን በጀርባው ተዘረረ። ገና እግሩን እያወራጨ ሳለ በሆዱ ላይ ተረማምደው ባሕር ገቡ። ከሁሉም ኋላ የመጣችው ታናሻቸው ግን ሆዱ ላይ ቆም አለችና፣

"ጋሼ ሸርጣን፣ መንገድ ላይ ተኝተዋል" አለችው።

ተረቴን ለባሕር መለስኩ፤ አፌን በጨው አበስኩ።