እመት ጃርት የጠራችው ታላቅ ሩጫ

ተረት ልንገራችሁ? «ይነገረን!» በሉ እንጂ። እንግዲያው ቀረብ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ ድንጋዩም እሾሁም አፍ በነበረው ዘመን፣ ደረቅ አገር የሚባል ቆላ ነበር። በዚያ አገር ውሃ ያለው ከእሾሁ ጫካ ማዶ ነው። ሊጠጣ የሄደ ሁሉ ተቧጭሮ፣ ደምቶ ይመለሳል። ግልገል አስከትላ የሄደች እናት አንዳንዴ ብቻዋን ትመለሳለች። የአገሩ ሹም እመት ጃርት ነበረች። ትንሽ ናት፤ ስትደነግጥ ጀርባዋ ይንሿሿል፤ ልቧ ግን ደፋር ነው።

በየጥቂት ዓመቱ የአራዊት ሁሉ ታላቅ ሩጫ ይደረግ ነበር፤ የሚደረገውም ሣሩ በረዘመበት፣ ወንዙ በሞላበት አገር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አራዊት ተሰብስበው «የሚቀጥለውን ማን ያሰናዳ?» ቢባል፣ እመት ጃርት ብድግ አለች።

«እኛ!»

ሁሉም ሳቀ። ዝሆን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የሩጫው አለቃ ንስር ግን አልሳቀም።

«እሺ፤ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ። ተሰናድታችሁ ካላገኘኋችሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አላት።

አገሯ ስትገባ አያ ከርከሮ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ምን ነካሽ እመት ጃርት? የራሳችን ልጆች በጥም እያለቁ የባዳ ልጅ ልታጠጪ?»

ጀርባዋ ተንሿሿ።

አያ ጅቦ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። «ተይው ይሄን! እንግዳ የሚከበረው በመቀመጫው ነው። ነጩን ድንጋይ ፈልጠን ሰማይ የሚነካ ማማ እንሥራ፤ ስማችን ይጠራ!» አላት። አያ ጅቦ ለአገሩ ስም አስቦ አይደለም፤ እንግዳው ሲሄድ ከማማው ሥር ያለውን ጥላ ለብቻው ሊተኛበት አስቦ ነው።

እመት ጃርት ግራ ገባት። ወደ ነጩ ድንጋይ ሄደች።

«ድንጋይ ሆይ፣ ማማ ላድርግህ?»

«አድርጊኝ። አንድ ቀን ዝሆን ይቀመጥብኛል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን እንሽላሊት።»

ወደ እሾሁ ሄደች።

«እሾህ ሆይ፣ ብመነጥርህ ትመነጠራለህ?»

«ለምን አልመነጠር! እናንተ ግን አንድ ባንድ ትሾልካላችሁ፣ አንድ ባንድ ትደማላችሁ። ተባብሮ የመጣብኝ እስከ ዛሬ የለም።»

በአገሩ መሃል ወዳለው ደረቅ ኩሬ ሄደች።

«ኩሬ ሆይ፣ ምን ሆነህ ደረቅህ?»

«ዝናቡማ ይመጣል፤ ሆዴን ደለል ሞልቶት በላዬ ያልፋል። የሚጠርገኝ ባገኝ በጋውን ሙሉ አጠጣችሁ ነበር።»

እመት ጃርት አገሬውን ሰበሰበች።

«ስሙኝ! እንግዳው የሚጠጣውን እኛም እንጠጣዋለን፤ ኩሬውን እንጥረግ። እንግዳው የሚመጣበትን እኛም እንሄድበታለን፤ እሾሁን እንመንጥር። እንግዳው ብቻውን የሚቀመጥበትን ግን አንሠራም።»

አያ ከርከሮ ይህን ሲሰማ ወደ ኩሬው ወርዶ በክራንቻው ይቆፍር ጀመር። ከኋላው ጦጣው፣ ሚዳቋዋ፣ ጅግራዋ ወረዱ። ያ ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ተጠምቶ የኖረ ሕዝብ ያን ጊዜ ጎን ለጎን ሠራ። እሾሁ ተመነጠረ። ክረምቱ ገባ፤ ኩሬው ሞላ።

አያ ጅቦ ተናደደና ንስር ዘንድ ሮጠ። «ጌታዬ፣ ተንቀዋል! አንዲት ማማ እንኳ የለም!» አለው።

ንስር ተቆጥቶ ከተፍ አለ።

«እመት ጃርት! እንግዳዬ ቆሞ ሊያይ ነው?»

«ከመንገዱ በላይ ያለው ተረተር ላይ ተቀምጦ ይይ፣ ጌታዬ። እግዜር የሠራው ማማ ነው።»

«አይሆንም! ሩጫውን ወስጄዋለሁ።»

ያን ጊዜ አያ ከርከሮ የኩሬውን ዳር ሲጠግን የነካው ጭቃ ሳይደርቅለት ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይህን ሩጫ አብዝቶ የጠላ እኔ ነበርኩ። ቢወስዱብንም ውሃው አይወሰድብንም። ግን ይህ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ልብ የሠራው ሥራ ነው። እባክዎ፣ ሳይቀምሱት አይሂዱ።»

ንስር ወደ ኩሬው ወረደ። ጠጣ። ደገመ። ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ በተመነጠረው መንገድ ላይ በረረና ተመለሰ።

«ሩጫው እዚሁ ነው» አለ።

የሩጫው ቀን ተረተሩ በአራዊት ጠቆረ። ሰጎን ቀደመች፤ አቦሸማኔ ተከተለ። የደረቅ አገሯ ሚዳቋ ከኋለኞቹ ጋር ነበረች፤ ግን የገዛ አገሯ እልልታ ሲደርሳት ነፍሷን ሰጥታ ሮጠች፤ ብዙዎቹን አልፋ ገባች። ዝሆን ራሱ ኩምቢውን አንሥቶ ጮኸላት። እመት ጃርት አለቀሰች።

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሣሩን ጨርሰውት ነበር። ያ ወር ከበደ። የተነጫነጨም ነበር። በጋው ሲበረታ ግን ከዚያ አገር አንድም ግልገል በጥም አልሞተ።

ዓመት ዞሮ ከሌላ ድሃ አገር ጥንቸል እመት ጃርት ዘንድ መጣች።

«እማማ፣ እኛም ታላቁን ሩጫ እንጥራ ይሆን?»

«ስም ፍለጋ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ልጄ። ለራሳችሁ ልትሠሩት እየፈለጋችሁ ያልተባበራችሁበት ነገር ካለ ግን ዛሬውኑ ጥሩት።»

ተረቴም እዚህ ላይ አረፈች፤ ቁም ነገሯን ግን ያዙ፦ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት ይጠረጋል፤ በተጠረገው ቤት የሚኖረው ግን ባለቤቱ ነው።